የወደቀውን ማን ይሸፍነው?

 

የዛሬውን የጁሙዓ ማስታወሻ በአንድ ልጅ ታሪክ ልጀምር። ታሪኩ እኔን የሚያኮራ አይደለም። ግን እሱን ደብቄ ስለ እዝነት ብጽፍላችሁ የምጽፈው ሁሉ ጎዶሎ ይሆንብኛል።

ልጆች ሳለን መድረሳ ውስጥ አብሮን የሚቀራ ልጅ ነበር። ቁርኣን ሲቀራ ድምፁ ያምር ነበር። ጭንቅላቱ ላይ ሁልጊዜ አንድ ወፍራም ኮፊያ ያደርጋል፤ እናቱ በእጃቸው የሰፉለት፣ ውስጡ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ኮፊያ። እኛ «ባለ ትራሱ» እያልን እንስቅበት ነበር። ይህ ልጅ አንዳንዴ ቆሞ እያለ፣ አንዳንዴም ሉሑን ይዞ ወደ ኡስታዝ ሲሄድ፣ በድንገት ይወድቃል። አይጮህም፤ አይንቀጠቀጥም። ገመዱ እንደተበጠሰ ባልዲ ዝም ብሎ ቁልቁል ይወርዳል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይነሳል። ዙሪያውን ያያል፣ ኮፊያውን ያስተካክላል፣ ሉሑን ያነሳል።

ዙሪያውን ሲያይ የሚያየው ማንን ነበር? እኛን ነበር። ግድግዳ ላይ ተለጥፈን፣ ገሚሳችን በፍርሃት፣ ገሚሳችን ሳቃችንን ለማፈን አፋችንን ይዘን። ማንም አይጠጋውም። «ከነካችሁት ይጋባባችኋል» ተብለን ነበር።

አንድ ቀን ዉዱእ የምናደርግበት ቦታ ላይ ወደቀ። ጭቃ ውስጥ። ልብሱ ተገልጦ ገላው ታየ። የዚያን ቀን ሳቃችንን ማፈን እንኳ አልቻልንም። እኔም ስቄያለሁ። ልጁ ተነሳ፤ ልብሱን ሰበሰበ፤ ኮፊያውን ፈልጎ አነሳና ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። ቤታቸው ከመድረሳው አምስት ደቂቃ አያስኬድም ነበር። ከመካከላችን ሄዶ «ምን ሆንክ?» ያለው አንድም ልጅ የለም።

ሕመሙ ምን እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የሚጥል በሽታ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን የምናውቀው ሰውነት የሚገታተርበትንና የሚንቀጠቀጥበትን ነው። ሐኪሞች «አቶኒክ» የሚሉት ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ። ጡንቻዎቻችን እኛ ሳናስበው ሁልጊዜ በመጠኑ እንደተወጠሩ ናቸው። ቆመን የምንውለው፣ አንገታችን ቀጥ የሚለው፣ እጃችን ስኒ የሚይዘው በዚያ ውጥረት ነው። ይህን የሚያዘው አንጎል ነው። የአንጎል ነርቮች የሚነጋገሩበት የኤሌክትሪክ መልእክት ለአፍታ ሲዛባ ውጥረቱ በቅጽበት ይጠፋል። ቀለል ሲል ራስ ብቻ ዘንበል ይላል፣ ወይም የያዙት ነገር ከእጅ ያመልጣል። ሲከብድ ሰውየው ባለበት ይወድቃል። ብዙውን ጊዜ ከ15 ሰከንድ አይበልጥም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ነው።

ጉዳቱ ያለው አወዳደቁ ላይ ነው። አንተና እኔ ስንደናቀፍ እጃችን ቀድሞ መሬት ይነካል። እሱ ግን የሚዘረጋው እጅም በዚያች ቅጽበት አይታዘዘውም። ግንባሩ፣ ጥርሱ፣ አገጩ ይመታል። ለዚህ ነው ሐኪሞች እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ልጆች ጭንቅላትን የሚከላከል ቆብ እንዲያደርጉ የሚመክሩት።

ይህን ሳውቅ ያ ኮፊያ ትዝ አለኝ። እናቱ በመርፌ፣ በክርና በጥጥ የልጃቸውን ጭንቅላት ሲጠብቁ ነበር። እኛ «ትራስ» ብለን የሳቅነው በአንዲት እናት እዝነት ላይ ነበር። አስተግፊሩላህ።

እንግዲህ ዛሬ አብረን እንድናስብበት የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፦ አላህ አንድን ባሪያውን በእንዲህ ያለ ሕመም ሲፈትነው፣ ከፈተናው የእሱ ድርሻ የትኛው ነው? የእኛስ ድርሻ የትኛው ነው?

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ ሐዲስ አለ። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የአጎት ልጅ ዐብዱላህ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ለተማሪያቸው ለዐጣእ ኢብኑ አቢ ረባሕ ከጀነት ሰዎች አንዷን ሴት ላሳይህ ወይ ብለው ይጠይቋቸዋል። ዐጣእም እሺ ይላሉ። ኢብኑ ዐባስም ወደ አንዲት ጥቁር ሴት ያመለክታሉ። ታሪኳን ሲነግሯቸው፣ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ እንደምትወድቅና ስትወድቅም ገላዋ እንደሚገለጥ ነግራ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነቻቸው። እርሳቸውም ሁለት ነገር አቀረቡላት፤ ከፈለገች ትታገሥና ጀነት ይኖራታል፤ ከፈለገች ደግሞ አላህ ዓፊያ እንዲያደርጋት ዱዓ ያደርጉላታል። እሷም ሶብርን መረጠች። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጨመረች፤ እንዳትገለጥ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ዱዓ አደረጉላት።

ይህ ታሪክ በማን አንደበት እንደደረሰን ተመልከቱ። ኢብኑ ዐባስ በእርጅናቸው ዓይናቸው የጠፋ ሰው ነበሩ። የመካው ሙፍቲ ዐጣእ ደግሞ ጥቁር፣ አንካሳ፣ በኋላም ዓይነ ስውር የሆኑ ሰው እንደነበሩ የታሪክ መዛግብት ይነግሩናል። በሐጅ ወቅት ሰዎች ፈትዋ ፍለጋ የሚጎርፉት ወደ እርሳቸው ነበር። የወደቀችውን ሴት የጀነት ሰው ብሎ ያሳየን ሰንሰለት ራሱ ሰውነታቸው በተፈተነ ሰዎች በኩል ያለፈ ነው። ዲናችን ክብርን በምን እንደሚለካ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከዚህ ሐዲስ አንዳንድ ሰው ቶሎ ብሎ የሚያወጣው መልስ አለ። «አየህ! ታገሠች፣ ጀነት ገባች። አንተም መድኃኒቱን ተውና ሶብር አድርግ» ይላል። ይህን ምክር ለታመመ ወንድማችን ስንሰጥ ዲን የተናገርን ይመስለናል። ግን ቆም ብለን እናስብ።

አንደኛ፣ ሴትየዋ ራሷ መረጠች። ማንም አልመረጠላትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንኳ ሁለቱንም በር ከፍተው ምርጫውን ለእሷ ተዉላት። ሶብር ባለቤቱ ሲመርጠው ሶብር ነው። ጤነኛ ሰው ተቀምጦ በሌላው ሕመም ላይ የሚያዘው ሶብር ግን ጭካኔ ሊሆን ይችላል። በሰው ግንባር ቁስል ታጋሽ መሆን ማንን ያቅተዋል?

ሁለተኛ፣ እሷ ቃል የተገባላት ከአላህ መልእክተኛ አንደበት ነው። እኔና አንተ ለማንም እንዲህ ያለ ዋስትና የመስጠት ሥልጣን የለንም።

ሦስተኛ፣ እኚሁ ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው ያዘዙ ናቸው። አላህ ከእርጅና በቀር ፈውስ ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ በተዘገበው ሐዲስ ነግረውናል። ስለዚህ ሕክምና መፈለግ ከኢማን መጉደል አይደለም።

አራተኛ፣ እና ለእኔ ዋናው ይህ ነው፤ መድኃኒትና ሶብር ጠላቶች አይደሉም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ለዓመታት ሰዓቱን ጠብቆ ይወስዳል። አንዱ አልስማማ ሲል ሌላ ይሞከርለታል። እንቅልፍ እንዳያጣ ይጠነቀቃል። በተለይ አቶኒክ የሚባለው ዓይነት ብዙ ጊዜ ለመድኃኒት ቶሎ የሚገራ አይደለም። አንዳንዱ ታካሚ ሐኪም የሚከታተለው ልዩ አመጋገብ፣ አንዳንዱም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ሳይማረሩ መሸከም ሶብር ካልሆነ ምንድን ነው? አንዲት እህት በየማታው ቢስሚላህ ብላ ኪኒኗን ስትውጥ፣ ሰበቡን አደረሰች፣ ውጤቱን ለአላህ ተወች። ተወኩል ይኼው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች የሚጥል በሽታ አለባቸው። በትክክል ተመርምረው ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችሉ ነበር። በድሃ አገሮች ግን ከአራቱ ታማሚ ሦስቱ የሚያስፈልገውን ሕክምና አያገኝም። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ይሆን «ሶብር አድርግ፣ ይህ የሐኪም ነገር አይደለም» ተብሎ ቤት የቀረው?

«ጂንስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ጂን መኖሩን እናምናለን፤ ቁርኣን ነግሮናል። ኢብኑል ቀይም ራሳቸው «ዛዱል መዓድ» በተባለው ኪታባቸው ሶርዕን በሁለት ከፍለውታል፤ አንዱ ከመናፍስት የሚመጣ፣ ሌላው ሐኪሞች የሚናገሩለት የሰውነት ሕመም። ኢብኑ ሲናም በሕክምና መጽሐፋቸው ሶርዕን የአንጎል ሕመም አድርገው ጽፈውበታል። ቀደምቶቻችን ሁሉን ነገር ለጂን አልሰጡም። ስለዚህ ሩቅያ ማድረግ የፈለገ፣ በቁርኣንና በተረጋገጠ ዱዓ ያድርግ፤ ኸይር ነው። ግን «ሩቅያ ጀምረሃልና መድኃኒቱን አቁም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። የሚጥል በሽታን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ የማያባራ መጣል ሊያስከትል፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። በቁርኣን ስም ሰውን ለሞት ማቅረብ ከቁርኣን አይደለም።

አሁን ወደ ሐዲሱ ልብ እንግባ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናስተውለው የሴትየዋን የመጀመሪያ መልስ ነው። ሁለተኛውን ልመናዋን ግን ዝም ብለን እናልፈዋለን። ወዳጆቼ፣ እሱ ላይ ቆም እንበል።

መውደቅን ተቀበለች። ሕመሙን ተቀበለች። መገለጥን ግን አልተቀበለችም። «ጀነት ከተገባልኝ ሌላው ምን ቸገረኝ» አላለችም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) «ሶብር ከመረጥሽ ይህንንም ቻዪው» አላሏትም። ዱዓ አደረጉላት። ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር ነው፦ ሕመም ሌላ፣ ውርደት ሌላ። ሰው በሕመሙ ላይ ሶብር አድርጓል ማለት በክብሩ መነካትም ላይ ሶብር እንዲያደርግ ይፈረድበታል ማለት አይደለም። ሕመሙ ከአላህ የመጣ ፈተና ነው። ውርደቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከእኛ ከሰዎች የሚመጣ ነው።

ያ የመድረሳ ልጅ በየቀኑ ሲወድቅ ችሎታል። ግንባሩ ሲቆስልም ችሎታል፤ ነገ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ከመድረሳ ያስቀረው ሕመሙ አልነበረም። እኛ ነበርን። ከቁርኣን ያራቀው ጭቃው ሳይሆን ሳቃችን ነው። በሕመሙ አላህ ፊት የሚያስጠይቀው ነገር የለም። በሳቃችን ግን እኛ እንጠየቃለን።

እና የጥያቄያችን መልስ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። ፈተናው ለሁለት ተከፍሏል። የእሱ ድርሻ መውደቁ ነው፤ የእኛ ድርሻ መሸፈኑ ነው። እሱ በድርሻው እየታገለ ሳለ፣ እኛ ድርሻችንን ትተን የእሱን ሶብር እንመዝናለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሙስሊምን ነውር የሸፈነ ሰው አላህ በዱንያም በአኺራም እንደሚሸፍነው አስተምረዋል። አላህ ያቺን ሴት በነቢዩ ዱዓ ሸፈናት። ዛሬ ስንቱን እህት የሚሸፍነው በእኔና በአንቺ ነጠላ ነው። የዱዓው መልስ መሆን ስንችል ተመልካች ሆነን እንቀራለን።

ይህን ስጽፍ ሌላ ትዕይንት ትዝ ይለኛል። አንድ ቀን ታክሲ ተራ ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ አንዲት ልጅ ወደቀች። ሒጃብ ለብሳለች፤ ስትወድቅ ሒጃቧ ተገፎ ፀጉሯ ታየ፤ ቀሚሷም ከፍ አለ። ከየትኛውም እጅ ቀድሞ የወጣው ስልክ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስልክ። ከሚቀርጹት መካከል ኮፊያ ያደረገ ወጣትም ነበር። እዚያው ጥግ ጀበና ቡና የሚሸጡ እናት ሲኒያቸውን ጥለው ሮጡ። ማተብ ያሰሩ ናቸው። ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፍተው ልጅቷን ከአንገቷ እስከ እግሯ ሸፈኗት፤ ከዚያም ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው እንደ ግድግዳ ቆሙ። «ምን ታያላችሁ? የእናንተ እህት የለችም?» አሉ። ስልኮቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

እኒያ እናት ሐዲሱን አልቀሩትም። ግን እኛ የቀራነውን እሳቸው ሠሩት። እኔም በዚያ ቀን ሁለተኛው ሰው ብቻ ነበርኩ፤ ቦርሳዋን ያነሳሁት እሳቸው ቀድመውኝ ስላሳፈሩኝ ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ የዘመናችን መገለጥ ይህ ነው። ያቺ የነቢዩ ዘመን ሴት ብትገለጥ የሚያያት በአካባቢው የነበረ ሰው ነው፤ ለአፍታ ነው፤ ያልፋል። ዛሬ የተገለጠች ልጅ ግን በስልክ ተቀርጻ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ተዛምታ፣ ተነስታ ቤቷ ከገባች በኋላም ገና እየተገለጠች ነው። ሕመሙ ከ15 ሰከንድ በኋላ አልፏል፤ ቪዲዮው ግን ዓመት ይቆያል። «ሰው እንዲማርበት ብዬ ነው የለቀቅኩት» የሚለው ምክንያት አላህ ፊት ያዋጣ እንደሆነ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።

በዓረብኛ ይህ በሽታ «ሶርዕ» ይባላል፤ መጣል፣ በትግል መዘረር ከሚለው ሥር ነው። በአማርኛም «የሚጥል» እንላለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል ተጠቅመው ያስተማሩት ትምህርት አለ፤ ብርቱ ማለት ሰውን በትግል የሚጥል ሳይሆን ሲቆጣ ነፍሱን የሚገዛ ነው። ስለዚህ በእስልምና ሚዛን መጣል ብርታት አይደለም፤ መውደቅም ድክመት አይደለም። የምትወድቀው ሴት ነፍሷን ገዝታ ጀነትን መረጠች። ቀጥ ብለን የቆምነው ደግሞ ምላሳችንንና ጣታችንን መግዛት አቅቶን እንወድቃለን። የትኛው ውድቀት ነው የሚያስፈራው?

ሙአዚኑ ወደ ሶላት ሲጠራ የምንመልሰውን አስታውሱ፤ «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» እንላለን። ከቦታ ወደ ቦታ የመንቀሳቀስ ኃይል እንኳ በአላህ እንጂ በራሳችን አይደለም ማለት ነው። ይህን ስንል ብዙ ጊዜ ከምላሳችን አያልፍም። ያ ልጅ ግን ጉልበቱ የእሱ እንዳልሆነ በየቀኑ ያውቅ ነበር። እኛም ብንሆን ቆመን የዋልነው አንጎላችን ውስጥ ያለው መልእክት ለአንዲት ቅጽበት ስላልተዛባ ብቻ ነው። አላህ ይዞ ነው ያቆመን። ታዲያ በወደቀው ላይ የምንስቀው በምናችን ነው?

ስለዚህ በተግባር ምን እናድርግ?

ሰው ሲወድቅ ስታዩ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። በሽታው በመንካት፣ በምራቅም ሆነ በትንፋሽ አይተላለፍምና ቅረቡት። ጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉለት፤ ከእሳት፣ ከውኃ፣ ከመኪና መንገድ አርቁት፤ ገላው ከተገለጠ ሸፍኑት፤ የሚከበውን ሰው በትኑ። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በጉልበት አትያዙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይጠቅመውም፤ ሊያቃጥለው ግን ይችላል። ሲያቆም በጎኑ አስተኙት፤ እስኪነቃ አጠገቡ ቆዩ። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሲነቃ የሚያየው የመጀመሪያ ነገር የተረጋጋ ፊት ይሁን። «አብሽር፣ ምንም የለም፣ አለሁ» በሉት። ይህ ሰደቃ ነው።

ሕመሙ ላለባችሁ እህቶቼና ወንድሞቼም ጥቂት ልበል። ይህ የኃጢአታችሁ ቅጣት ነው የሚላችሁን ሰው አትመኑት። ለሙስሊም ከእሾህ ውጋት ጀምሮ የሚደርስበት መከራ ሁሉ ኃጢአቱን እንደሚያስምርለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። መቆም ካስፈራችሁ ወይም ካልቻላችሁ ተቀምጣችሁ ስገዱ፤ ዲኑ ፈቅዶላችኋል። ራሳችሁን ከሳታችሁ በኋላ ዉዱእ አድሱ እንጂ «ሶላቴ ተበላሸብኝ» ብላችሁ አትጨነቁ። ለረመዷን ደግሞ ከወዲሁ ሐኪማችሁንና የምታምኑትን ዓሊም አማክሩ። መድኃኒት መዝለልና እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ። አላህ በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ያደረገውን ማቅለል መቀበል ዒባዳ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ብቻችሁን እሳት ላይ አትሥሩ፤ ወንዝም ብቻችሁን አትውረዱ። እናም እንደዚያች ሴት ሁኑ፤ ሕመሙን ብትችሉትም ክብራችሁን ለምኑ። «አትቅረጹኝ፣ ሸፍኑኝ» ማለት መብታችሁ ነው። እሷ ይህን የለመነችው ከአላህ መልእክተኛ ፊት ቆማ ነው።

የመስጂድና የመድረሳ ኃላፊዎችም እዚህ ላይ ድርሻ አላችሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ከምሰሶና ከደረጃ ራቅ አድርጋችሁ ምንጣፍ ላይ አስቀምጡት፤ ለሌሎቹ ልጆችም በሽታው እንደማይጋባ በግልጽ ንገሯቸው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገን። በዚያን ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ተነስቶ ያንን ልጅ አቅፎ ቢያነሳው ኖሮ፣ እኛም ማቀፍን እንማር ነበር።

ያንን ልጅ ከዓመታት በኋላ ፈልጌዋለሁ። ቤተሰቡ ከዚያ ሰፈር ለቀዋል፤ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ አጣሁ። ዐፍው ልለው እፈልግ ነበር። የሰው ሐቅ በኢስቲግፋር ብቻ እንደማይወርድ ታውቃላችሁ፤ ባለቤቱ ይቅር ማለት አለበት። እኔ ያንን በር አጣሁት። አሁን የቀረኝ ለእሱ ዱዓ ማድረግና ሌላው ሲወድቅ ቀድሜ መድረስ ነው። እናንተ ግን በሩ ገና አልተዘጋባችሁ ይሆናል። የሳቃችሁበት፣ የሸሻችሁት፣ ቪዲዮውን ያሰራጫችሁበት ሰው ካለ፣ ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ከሶላት በኋላ ደውሉለት። ቤቱ አምስት ደቂቃ ከሆነ ደግሞ በእግራችሁ ሂዱ።

ያ አላህ! የታመሙትን ሁሉ ዓፊያ አድርግልን። ለሚወድቁት በየወደቁበት የሚሸፍን እጅ አዘጋጅላቸው። እኛንም ያንን እጅ አድርገን። የሰውን ነውር ሸፍነን፣ የእኛ ነውር በሚገለጥበት ቀን አንተ ሸፍነን። ያንን የመድረሳ ልጅና እናቱን ባሉበት በራሕመትህ ጠብቃቸው፤ ልቡንም ለእኛ አራራልን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛት እንዳትረሱ። ጁሙዓ ሙባረክ!